ለልጄ፦ መዝገቡን ስንት ሰው ያገላብጠዋል?

ውድ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ደሴን ሸፍኗት ሰንብቷል፤ እናትሽም ጋቢ ሳትደርብ ደጅ አትወጣም።

በስልክ ያጫወትሽኝን ነገር ሳብላላው ሰነበትኩ። የቀጠረሽ የብሎክቼይን ኔትወርክ «በኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ገንቢልን» ብሎሻል፤ አለቃሽ ግን በየሳምንቱ የሚጠይቅሽ በቴሌግራም ቡድኑ ውስጥ ስንት ሰው እንደገባ ብቻ ነው። አባትሽ የቅሬ (የሰፈራችን ዕድር) ጸሐፊ ሆኜ ስለኖርኩ ስለ ሰውና ስለ መዝገብ የምለው አላጣም። ስለ ብሎክቼይኑም ከወንድምሽ ጋር እየተጋገዝን ያገኘነውን ሁሉ አንብበናል፤ እንደገባን ብዙ ሰዎች ቅጂውን በየኮምፒውተራቸው የሚይዙት፣ እንደ ሰንሰለት እየተያያዘ የሚጻፍ መዝገብ ነው።

የሰው ብዛት አያታልልሽ። ዋንኮይን የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ አስቢው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ሩጃ ኢግናቶቫ የተባለችው ሴት በ2016 ለንደን ዌምብሌይ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ አስጨብጭባ ነበር። በየአገሩ ወዳጅ ዘመዱን የሚያስገባ ደጋፊ ሞልቷት ነበር። በ2017 ተሰወረች፤ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላርም የውኃ ሽታ ሆነ። ለካ ከጀርባው እውነተኛ ብሎክቼይን የሚባል ነገር አልነበረም። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያጨበጭብ አንድም ሰው የመዝገቡን ቅጂ በእጁ አልያዘም።

ቢትኮይን የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ ተመልከቺው ደግሞ። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የጀመረው ሰው ማን እንደሆነ እንኳ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ በ2009 አስጀምሮት ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ዘወር አለ። ኦገስት 2010 ላይ በኮዱ (ኮምፒውተሮቹን በሚያሠራው ጽሑፍ) ውስጥ በነበረ ስሕተት 184 ቢሊዮን ቢትኮይን ከምንም ተፈጠረ፤ የጠቅላላው ጣሪያ ግን 21 ሚሊዮን ነው! መዝገቡን ይከታተሉ የነበሩ ሰዎች ወዲያው ነቁ፤ ማስተካከያው በሰዓታት ውስጥ ወጣ፤ ኮምፒውተራቸው ላይ ቅጂውን የያዙትም አዲሱን ኮድ ጭነው የተበላሸውን ሰንሰለት ጣሉት። ያን ጊዜ ጥቂት ነበሩ፤ ጥቂት መሆናቸው ግን ሥራውን አላጎደለውም።

ከሁሉ ልቤን የነካው የስቲም ታሪክ ነው። ስቲም በ2016 የተጀመረ ብሎክቼይን ሲሆን፣ አባላቱ ጽሑፍ እያወጡ የኔትወርኩን የዲጂታል ሳንቲም ያገኙበታል። መዝገቡን የሚይዙት ደግሞ ሳንቲም ያላቸው ሰዎች በሳንቲማቸው ልክ ድምፅ ሰጥተው የሚመርጧቸው፣ «ምስክር» የሚባሉ፣ ዋነኞቹ ሃያ ናቸው። በ2020 መጀመሪያ ጀስቲን ሰን የተባለ ባለሀብት ኔትወርኩን የመሠረተውን ኩባንያ ገዛ፤ ኩባንያው የያዘው ብዙ ሳንቲምም አብሮ እጁ ገባ። ምስክሮቹ ሰግተው ያ ሳንቲም ድምፅ እንዳይሰጥበት አገዱት። በማርች ወር ግን ሳንቲም የሚገዛባቸውና የሚሸጥባቸው ሦስት ትላልቅ የግብይት ድርጅቶች ደንበኞቻቸው ያስቀመጡባቸውን ሳንቲም ይዘው ለእርሱ ድምፅ ሰጡለት፤ ሃያዎቹም ተነሥተው በእርሱ ሰዎች ተተኩ። በሰው አደራ ድምፅ መስጠት! በእኛ ሰፈር እንዲህ ያደረገ ሰው ለቅሶ ቤት መቀመጫ የሚለቅለት አያገኝም። አባላቱም ኮዱንና መዝገቡን ቀድተው፣ የኩባንያውን ድርሻ አስቀርተው፣ ማርች 20 ቀን 2020 ሃይቭ ብለው በራሳቸው መንገድ ሄዱ። ሃይቭ ዛሬም አለ።

ባለፈው ዓመት አንድ የሰፈራችን ሀብታም ለቅሬው አዲስ ድንኳንና ወንበር ልግዛ ብሎ ነበር፤ የቅሬውን ዳኛ እኔ ልምረጥ የሚል ነገር ግን አስከተለ። እስላሙም ክርስቲያኑም አቀርቅሮ ሳለ አንዲት ዳቦ ሻጭ እናት ተነሥተው «ሬሳዬን የሚያነሡት እነዚህ ናቸው እንጂ ድንኳኑ አይደለም» አሉና ተቀመጡ። ስብሰባው በዚሁ አበቃ። ድንኳናችን አሁንም ያው የተጣፈው ነው።

ማኅበረሰብ ሲባል ታዲያ ፍቅር ብቻ አይምሰልሽ። በ2016 ኢቴሪየም በሚባል ሌላ ብሎክቼይን ላይ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ኢተር (የኢቴሪየም ሳንቲም) በኮድ ቀዳዳ ሲወሰድ፣ የሚበዙት መዝገቡ ተስተካክሎ ገንዘቡ ይመለስ አሉ፤ «የተጻፈ አይሰረዝም» ያሉት ደግሞ ኢቴሪየም ክላሲክ ብለው ተለዩ። እኔ ብሆን ከየትኛው እንደምቆም እስካሁን አልቆረጥኩም፤ ወንድምሽ ከሁለተኞቹ ጋር ነው፤ በዚህ ጉዳይ እራት ላይ ተጨቃጭቀናል።

ስለዚህ አሥር ሺህ ሰው ከምትሰበስቢ ኮዱን አንብቦ «ይህ ልክ አይደለም» የሚል አሥር ወጣት ብታፈሪ ይሻላል። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያሉ ተማሪዎችን አነጋግሪ፤ ማስተማሪያውን በአማርኛ አዘጋጂላቸው፤ የመዝገቡን ቅጂ በራሳቸው ኮምፒውተር እንዲያስኬዱ አሳዪያቸው። የሳንቲም ግብይቱን ግን እንዳትነኪው። ብሔራዊ ባንክ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን በ2022 አስጠንቅቋል፤ ሕጉ ሳይጠራ የሰው ልጅ ይዘሽ አትግቢበት።

አለቃሽንም በአክብሮት ሁለት ነገር ጠይቂው፦ ከኩባንያው ውጭ የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ የያዘ ማን ነው? እናንተ ነገ ብትጠፉ ወይም ብትሸጡ፣ የሰበሰብኳቸው ሰዎች ኮዱንና መዝገቡን ይዘው መቀጠል ይችላሉ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበይው። እስከዚያው ግን ለአክስትሽ ልጆች ስለ ሳንቲሙ ምንም እንዳትነግሪያቸው፤ ትልቁ ከወዲሁ በግ ሊሸጥ ነው አሉ።

አባትሽ፣ ከደሴ