የአየርላንድ ግንብ ቤቶችና የሲሚንቶ ጥገና

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የአየርላንድ ጥንታዊ ግንብ ቤቶች፣ ማለትም እንደ ማማ ከፍ ያሉ የድንጋይ ቤቶች፣ ሁሉም የነገሥታት ምሽግ ተደርገው ሲጻፉ ይታያል። ይህ መታረም አለበት። አብዛኞቹ በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የየአካባቢው ባላባቶች ለመኖሪያ ያሠሯቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1429 የወጣ ሕግ በደብሊን ዙሪያ ባሉ አውራጃዎች ግንብ ለሚሠራ 10 ፓውንድ ድጎማ ፈቅዷል፤ ግንቡም ቢያንስ 20 ጫማ ርዝመት፣ 16 ጫማ ወርድና 40 ጫማ ቁመት እንዲኖረው ደንግጓል። ሆኖም ሕጉ ከማይደርስባቸው ከምዕራብና ከደቡብ የጌሊክ (የአገሬው ተወላጅ አይሪሾች) መሳፍንትም ብዙዎች ሠርተዋል፤ ስለዚህ ነገሩን በድጎማው ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

የሚያስደንቀው የቅስት ጣሪያው አሠራር ነው። ግንበኞቹ በእንጨት ድጋፍ ላይ ከቀጫጭን ጭራሮ የተጠለፈ ምንጣፍ ይዘረጋሉ፤ ኖራ አፍስሰው ድንጋዩን ይደረድራሉ፤ ኖራው ሲደርቅ ድጋፉን ያነሳሉ። የምንጣፉ አሻራ ዛሬም በብዙ ጣሪያዎች ላይ ይታያል፤ አንዳንዴ ጭራሮው ራሱ ተጣብቆ ቀርቷል። ከመግቢያው በላይ በጠላት ላይ ድንጋይ የሚወረወርበት ቀዳዳ አለ፤ ጠመዝማዛው ደረጃ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ይወጣል፤ ትልቁ አዳራሽ ብዙውን ጊዜ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው።

እነዚህን ግድግዳዎች በሲሚንቶ መጠገን ትልቅ ጥፋት ነው። ኖራ እርጥበትን ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ከውስጥ ያፍነዋል። የታፈነው ውኃ በብርድ በረዶ ሲሆን ይሰፋና የድንጋዩን ፊት ይልጠዋል። ጠጋኞች ሲሚንቶውን በጥንቃቄ ፈልቅቀው፣ መገጣጠሚያውን አጽድተውና አርጥበው በኖራ ይሙሉት፤ እስኪጠነክርም ከውርጭና ከዝናብ ይሸፍኑት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ