የሰርቨር ዲስክ አንድ በአንድ ይቀየር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የቤት ማከማቻ ሰርቨራቸው ሞልቶባቸው ትልልቅ ዲስክ ለገዙ አንባቢያን ጥቂት ልበል።

አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች በሬይድ 5 (አንድ ዲስክ ቢሞት ፋይሉ እንዳይጠፋ የአንዱን ያህል ቦታ ለጥበቃ በሚይዘው አደረጃጀት) 12 ቴራ ቦታ ይሰጣሉ፤ በባለ 8 ሲተኩ 24 ይሆናል። ሬይድ መጠባበቂያ ቅጂ ስላልሆነ ፋይሉ አስቀድሞ ሌላ ዲስክ ላይ ይገልበጥ። ከዚያ አንዱን ብቻ አውጥቶ አዲሱን መክተት፣ መልሶ ግንባታው (ሰርቨሩ የወጣውን ዲስክ መረጃ ከቀሩት አስልቶ አዲሱ ላይ መጻፉ) እስኪያልቅም ሌላውን አለመንካት። ይህ ቢፈጥን እንኳ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። በዚህ መሃል ሌላ ዲስክ ከሞተ ሁሉም ነገር አበቃ። ስለዚህ በስማርት (ዲስኩ ራሱን በሚፈትሽበት) ምርመራ «ፔንዲንግ ሴክተር» (ለማንበብ ያስቸገረ ቦታ) ያሳየው አሮጌ ዲስክ ቀድሞ ይውጣ። መብራት እንደልብ በሚጠፋበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) መጀመር ድፍረት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ሲገዛ ነው። ኤስኤምአር የሚባሉት ዲስኮች መረጃውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጠርዝ ለጠርዝ አደራርበው ነው የሚጽፉት። አንዱን መስመር ለማረም ጎረቤቶቹም እንደገና ይጻፋሉ፤ ግንባታው ሲረዝም ዲስኩ ይንቀራፈፋል፣ ሰርቨሩም «ሞቷል» ብሎ ያስወጣዋል። ዲስክ አምራቹ ዌስተርን ዲጂታል በ2020 እ.ኤ.አ. ለቤት ሰርቨር የሚሸጣቸው አንዳንድ የሬድ ዲስኮቹ እንዲህ ዓይነት መሆናቸውን አምኗል። የምትገዙት ሲኤምአር (መስመሮቹ የማይደራረቡበት) መሆኑን ከሞዴል ቁጥሩ አረጋግጡ።

አራተኛው አዲስ ዲስክ ሳይገባ ቦታው አይጨምርም፤ ከገባም በኋላ ቮልዩሙን (ሰርቨሩ ፋይል የሚያስቀምጥበትን ክፍል) «አስፋ» ማለት ያስፈልጋል።