የወታደር አውሮፕላን ሲወድቅም ምክንያቱ ይነገረን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ሲና ነው የምጽፍላችሁ፣ ጉዳዬ የነዚህ ባለ ሁለት ሞተር ትናንሽ የወታደር አውሮፕላኖች ነገር ነው፣ በየጊዜው አንዱ ይወድቃል፣ ሰው ያልቃል፣ ሁለት ሶስት ቀን በዜና ይወራና ይረሳል፣ ከዛ ደግሞ ሌላው።

የራሳችንን ላስቀድም። ነሐሴ 24 ቀን 2010 ዓ.ም ከድሬዳዋ ተነስቶ ወደ ቢሾፍቱ ይበር የነበረው ትዊን ኦተር የሚባለው የአየር ኃይል አውሮፕላን ተከስክሶ 18 ሰው ሞተ፣ 15ቱ የሰራዊቱ አባላት ሲሆኑ 3ቱ ሲቪል ነበሩ፣ ሕፃናትም ነበሩበት። ከዛ በኋላ መጋቢት 1 ቀን 2011 የአየር መንገዳችን በረራ ቁጥር 302 ወደቀ፣ የመጀመሪያው ሪፖርት መጋቢት 26 ወጣ፣ ወር እንኳን ሳይሞላ ማለት ነው። የሲቪሉ ሲነገረን የወታደሩ የማይነገረን፣ ልዩነቱ ከሕጉ ነው የሚመጣው፣ የአደጋ ምርመራን ግዴታ የሚያደርገው በፈረንጆቹ 1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው ስምምነት ለሲቪል አውሮፕላን ብቻ ነው የሚሰራው፣ የጦር፣ የፖሊስና የጉምሩክ አውሮፕላን አይመለከተውም። ግን አይመለከተውም ማለት ለሕዝብ መንገር ክልክል ነው ማለት አይደለም እኮ!

ማላዊን እዩ። ምክትል ፕሬዚዳንቱን ሳውሎስ ቺሊማን ይዞ ከሊሎንግዌ ወደ ምዙዙ የሄደው የጦሩ ዶርኒየር 228 ሰኔ 3 ቀን 2016 አየሩ ተዘግቶ ማረፍ ስላልቻለ ተመለስ ተባለ፣ ከዛ ድምፁ ጠፋ፣ ስብርባሪው በነጋታው ቺካንጋዋ ጫካ ውስጥ ተገኘ፣ የተሳፈሩት 9ኙም አልቀዋል። ጀርመኖች መጥተው መረመሩ፣ ጊዜያዊ ሪፖርቱም ለሕዝብ ወጣ። ምን ይላል? አውሮፕላኑ ብላክ ቦክስ የለውም፣ ሲወድቅ ያለበትን ቦታ በሲግናል የሚናገረው መሣሪያ ደግሞ የባትሪው ጊዜ ያለፈው በፈረንጆቹ 2004 ነው። 20 ዓመት ሙሉ! ሰው በጫካ ውስጥ በእግሩ ሲፈልግ ያደረው ለዚህ ነው፣ ይሄ ባይነገር ማን ያውቅ ነበር? እኛም አገር ነሐሴ 1981 አሜሪካዊውን የኮንግረስ አባል ሚኪ ሌላንድን ይዞ ጋምቤላ በኩል ተራራ የመታው ትዊን ኦተር (እሱ የወታደር አልነበረም) የተገኘው ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ነው፣ 16 ሰው ሞቶበታል።

የኬንያው ይበልጥ ያሳዝነኛል። ሚያዝያ 2 ቀን 1998 የአየር ኃይላቸው ዋይ 12 አውሮፕላን ማርሳቢት ሊያርፍ ሲል በመጥፎ አየር ኮረብታ መትቶ ከ17 ሰው 14ቱ ሞቱ፣ የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቦናያ ጎዳናና ሌሎች የፓርላማ አባላት ነበሩበት፣ የሄዱትም በኛ ድንበር በኩል ያሉ አርብቶ አደሮችን ሊያስታርቁ ነበር።

እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ጉምን እናውቀዋለን። ክረምት ላይ ከቆላው የሚወጣው ጉም ጣርማበር ዋሻው አፍ ላይ ሲዘጋ የመኪናህ አፍንጫ አይታይህም፣ ረዳቱ ወርዶ ከፊት ከፊት እየሄደ በሞባይሉ መብራት የመንገዱን ጠርዝ ያሳያል፣ ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የረዳቱን ድምፅ እየሰማ ይነዳል፣ ካልሆነም ጥግ ይዞ ይቆማል። አውሮፕላን ግን አይቆምም፣ ደመና ውስጥ ገብቶ ተራራ ከፊቱ ካለ ያለው ሰከንድ ነው፣ ስለዚህ ተራራ ሲቀርብ የሚጮኸው መሣሪያ ሰው በሚጭን አውሮፕላን ሁሉ ላይ መኖር አለበት ባይ ነኝ።

ብዙ ሰው ደግሞ ሁለት ሞተር ካለው አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይበራል ብሎ ይተማመናል። ልክ መሬት እንደለቀቀ አንዱ ከጠፋ ግን ጤነኛው ሞተር አውሮፕላኑን ወደ ሞተው በኩል ይጠመዝዘዋል፣ የሞተው ፕሮፔለር ደግሞ ንፋሱን ይዞ ይጎትታል፣ ፓይለቱ ወዲያው ፔዳሉን ረግጦ የፕሮፔለሩን ምላጭ ወደ ንፋሱ ካላዞረው ፍጥነቱ ወርዶ ይገለበጣል። ጉልበቱ በግማሽ ሲቀንስ ከፍ የማለት አቅሙ ከግማሽ በላይ ነው የሚወርደው፣ እንደኛ አገር አየሩ ስስ በሆነ ደጋ ላይ ደግሞ ይብሳል። የናይጄሪያ አየር ኃይል ኪንግ ኤር 350 አውሮፕላን የካቲት 14 ቀን 2013 ሞተር ጠፋብኝ ብሎ ወደ አቡጃ ሊመለስ ሲል ወድቆ 7ቱም ሞቱ፣ ሶስት ወር ሳይሞላ ግንቦት 13 ቀን ሌላ ኪንግ ኤር ካዱና ላይ በመጥፎ አየር ወድቆ የምድር ጦሩን አዛዥ ጄኔራል አታሂሩን ጨምሮ 11 ሰው ጨረሰ። አንዱ ሞተር ነው አንዱ አየር፣ መፍትሔውም አንድ አይደለም፣ ምክንያቱ ካልታወቀ ምኑ ይስተካከላል?

የጦር ሚስጥር አንጠይቅም፣ ተልዕኮው ምን እንደነበር፣ ማን እንዳዘዘ ይቅር። ሞተሩ ነው? አየሩ ነው? ጥገናው ነው? ወይስ ፓይለቱ አየሩ ከብዶታል እያለ ትልቅ ሰው ስለያዘ ግድ ሂድ ተብሎ ነው? ይሄን ማወቅ ለሟች ቤተሰብ ይገባዋል፣ ነገ በዛው ዓይነት አውሮፕላን ለሚሳፈረው ወታደርም ይገባዋል፣ ከኛ አካባቢ ልጁን ለሰራዊቱ የሰጠ ወላጅ ብዙ ነው። ፓይለቱም አየሩ አይሆንም ካለ ጄኔራልም ይሁን ሚኒስትር ከኋላው ቢቀመጥ ቃሉ የመጨረሻ ይሁን፣ በዚህም ምክንያት ማንም አይቆጣው።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው፣ የነሐሴ 2010ሩ አደጋ ምርመራ ምን እንዳገኘና ከዛ በኋላ ምን እንደተስተካከለ የሚመለከተውን ክፍል ጠይቃችሁ መልሱን በገጻችሁ አውጡልን።

አክባሪያችሁ፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ ከደብረ ሲና