ባዶ እግርሽን ቄጠማው ውስጥ አትግቢ

እሙዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? አክስትሽ ትናንት ማታ ደውላልኝ ነበር። ሱሪሽን ሰብስበሽ፣ በባዶ እግርሽ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል አጠገብ ቄጠማው ውስጥ ናሙና ስትለቅሚ እንዳየችሽ ነገረችኝ። ባዶ እግርሽን ቄጠማው ውስጥ አትግቢ። የጥናቱ ነገር ከዚያ በኋላ ነው።

ቄጠማው ላይ የተለጠፈው ቀንድ አውጣ ብልሃርዝያ የሚባለውን የትል በሽታ ያስተላልፋል። በሰው ሰገራ የወጣው የትሉ እንቁላል ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ይራባል፤ ከዚያ እጭ ሆኖ ይወጣል፣ ያውም ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት፣ አንቺ በምትሠሪበት። ቆዳ ለመብሳት ደቂቃዎች ይበቁታል። ስለዚህ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቡትስና ረጅም ጓንት አድርጊ፤ ቀንድ አውጣውን በመቆንጠጫ አንሺው። ውሃው ከነካሽ ወዲያው በፎጣ አጥብቀሽ ጥረጊው፣ ፎጣውን ግን አትተማመኚበት። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተሽ ሰገራሽን አስመርምሪ። ዛሬ ብትመረመሪ እንቁላሉ ገና ስለማይታይ ነፃ ነሽ ይሉሻል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴልም ያልጎለመሰውን ትል እምብዛም አይገድለውም።

የላክሽልኝን የምግብ ድር፣ ማን ማንን እንደሚበላ የሚያሳየውን ሥዕል፣ አየሁት። እጅሽ ጎበዝ ነው፤ ቀስቶቹ ግን ተገልብጠዋል። ቀስት ከተበላው ወደ በላው ይሄዳል፣ ኃይሉ የሚሄደው ወደዚያ ነውና። ቆሮሶ የተባለውንም ዓሣ አንድ ቦታ ቸንክረሽዋል። ጫጩት ሳለ ዙፕላንክተን (ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳት) እና ጥቃቅን ነፍሳት ይበላል፤ ሲያድግ በአብዛኛው አልጌ ነው። ሁለት ቦታ አስቀምጪው። ከአንዱ እርከን ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው ኃይል በግምት 10 በመቶ ብቻ ስለሆነ አምባዛ ዓሣውን ከአልጌው እኩል ትልቅ አድርገሽ አትሳይው። ጉማሬውን ረስተሽዋል፦ ማታ የብስ ላይ የጋጠውን ሣር ቀን ፋንድያ አድርጎ ውሃው ውስጥ ይጥለዋል። ደግሞ ጠዋትና ማታ በእሱና በውሃው መካከል እንዳትቆሚ!

«ቄጠማው ቢታጨድ በሽታው ይጠፋል» ያልሽውን ሰርዢው። እናቲቱ ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ የተፋቻቸው ጫጩቶች የሚደበቁት እዚያው ቄጠማ ሥር ነው። ቀንድ አውጣውም ዓሣውም አንድ ቤት ነው ያላቸው፤ ለዚህ ነው ቄጠማውን ከማጨድ ይልቅ እግርሽን ጠብቂ የምልሽ።

ጨለለቃን አንቺ በሐይቅነቱ አልደረስሽበትም። በምሥራቅ ያለው ደጋ ደኑ ሲመነጠር አፈሩ በጎርፍ እየወረደ ሞላውና ረግረግ ሆነ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ከዚያ ረግረግ ተነሥቶ ነው፤ ረግረጉ ደለሉን ያስቀራል። ሐይቁ ደግሞ በገፀ ምድር መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባው ጭቃ እዚያው ይቀራል። በልጅነትሽ ወስጄ ሳላሳይሽ መቅረቴ ይቆጨኛል። ሥዕልሽ ላይ ረግረጉ የለም።

ናሙናውን በ70 በመቶ አልኮል አስቀምጪ፤ የብልቃጡ ወረቀት ላይ ቀኑንና ቦታውን በእርሳስ ጻፊ፣ እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይለቃል። ቡትሱን ነገ በአውቶቡስ እልካለሁ፣ 38 ቁጥር ነው። እስኪደርስሽ ከጀልባ ላይ ሆነሽ ሥሪ። ባዶ እግርሽን አትግቢ አልኩሽ።

አባትሽ፣ ከአዳማ