ስትሠሩ እንድናያችሁ ስለፈቀዳችሁልን

ይድረስ በጥቅምት ምሽቶች ከሰባ ደረጃ ብዙም በማይርቀው ግቢያችን ለተሰበሰባችሁ ሁሉ፤ ለሠዓልያኑ፣ ለስፌትና ለሸክላ ባለሙያ እናቶቻችን፣ ለጎረቤቶቻችን፣ ለልጆችና ልጆቹን ይዛችሁ ለመጣችሁ ወላጆች፤

ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ወጉ በየቤታችሁ ዞሮ ማመስገን ነበር። ግን ከመጣችሁት ግማሹን በስም እንኳ አናውቃችሁም፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ወንበር ተሸክማችሁ አምጥታችሁ፣ ማን እንደሆናችሁ ሳንጠይቃችሁ ሄዳችኋል። ስለዚህ ምስጋናው በአደባባይ ይጻፍ ተባለ፤ መጻፉም ለእኔ ደረሰ።

ላልመጣችሁ ነገሩ እንዲህ ነበር። ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፤ አገሩ ሁሉ አበባ የሚሆንበት ጊዜ። በዚያ ወቅት ሐሙስና ዓርብ ማታ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የከተማችን ባለሙያዎች ከተፈጥሮ ያገኙትን ይዘው ግቢያችን እየመጡ በሰው ፊት ሲሠሩ አመሹ። አንዱ አፈር ይዞ ይመጣል፣ አንዷ ሣር፣ ሌላው ባዶ ወረቀት ይዞ ሰማይ ሰማይ ያያል። ዐውደ ርእይ አልነበረም፤ የተሰቀለ ሥዕልም፣ የሚሸጥ ነገርም አልነበረም። ይህን ስንናገር ብዙ ሰው "ታዲያ ምን ልናይ ነው የምንመጣው?" ብሎናል።

ከሁሉ በፊት የምናመሰግነው ባለሙያዎቹን ነው። የምናመሰግናቸውም ሥራቸው ስላማረ አይደለም፤ ማማሩንማ ማንም ያየዋል። ሲሠሩ እንድናያቸው ስለፈቀዱልን ነው። ሠዓሊ ያለቀ ሥራውን ሰቅሎ፣ ጥግ ይዞ፣ ሰው ምን እንደሚል መስማት ለምዷል። የተበላሸውን፣ የተፋቀውን፣ ገና መልክ ያልያዘውን ግን ለቤተሰቡም አያሳይም። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለ ቀለም መስታወት ብዙዎቻችን በአካል ባናየው በፎቶ እናውቀዋለን። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ሥራ ነው። ከመሰቀሉ በፊት በወረቀት ላይ ስንቴ ተሠርዞ ስንቴ እንደተነደፈ የምናስብ ግን ስንቶቻችን ነን? ያለቀ ነገር አፍ ያስከፍታል፤ "እስቲ እኔም ልሞክር" አያሰኝም። በግቢያችን "እስቲ እኔም ልሞክር" ያላለ ልጅ አልነበረም፤ አንዳንድ አባቶችም ብለዋል፣ ቀስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማቸው።

የአፈር ቀለሙን ምሽት ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ሠዓሊያችን ከእንጦጦ ግርጌ የቆፈረውን ቀይ አፈርና ከአቃቂ በኩል ያስመጣውን ጥቁር መረሬ በሁለት ባልዲ ይዞ ገባ። አንዲት እናት ለችግኝ መስሏቸው "ምን ልትተክልልን ነው?" አሉት። ቀዩን በውኃ በጠበጠው፤ አሸዋው እስኪዘቅጥ ጠበቀና ላይ የቀረውን ደፍራሽ ውኃ ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጠው። አሁንም ጠበቀ፣ አሁንም ገለበጠ። መጨረሻ ላይ ከታች የሚቀረው እንደ ቅባት የላመ ነገር ነው። እሱ እስኪደርቅ ቀናት ስለሚፈጅ ቤቱ አድርቆ ያመጣውን አወጣና ከጎረቤት በተዋስነው ወፍጮ ላይ በመጅ ይፈጨው ጀመር። መጀመሪያ ይንኳኳል፤ እየላመ ሲሄድ ድምፁ ይጠፋል። "በዐይናችሁ አትዩት፣ ስሙት፤ መጮኹን ሲተው ደርሷል" አለን። ልጆቹ በየተራ መጁን ያዙ። የአንዲት ትንሽ ልጅ ነጭ ቀሚስ ምን እንደሆነ እናቷ ታውቃለች፤ እርሷንም በዚሁ አጋጣሚ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ዱቄቱን ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው የእንቁላል አስኳል ነው። አስኳሉን ከአንድ መዳፍ ወደ ሌላው እያገላበጠ ነጩን ካራገፈው በኋላ፣ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ አንጠለጠለውና ከሥሩ ወጋው፤ ቢጫው ብቻ ፈስሶ ስስ ቆዳው እጁ ላይ ቀረ። ቀኑ ዓርብ ነበር። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት "ዓርብ በምድር እንቁላል!" ብለው አማተቡ። "እማማ፣ እኔ አልበላውም፤ ሥዕሉ ነው የሚበላው" ቢላቸው ሣቁና ወንበራቸውን አስጠግተው እስከ መጨረሻው አዩት።

ደግሞ አንዲት ተማሪ ለቢጫው ለምን እርድ እንደማይጠቀም ጠየቀችው። አልመለሰላትም፤ ከቦርሳው ሁለት ቁራጭ ወረቀት አወጣ። ሁለቱም በአንድ ቀን በእርድ የተቀቡ ናቸው። አንዱ መጽሐፍ ውስጥ የቆየ ነው፣ አሁንም ቦግ ያለ ቢጫ። ሌላው ለወራት መስኮት ላይ ተለጥፎ ፀሐይ ሲያየው የኖረ ነው፤ ተቀብቶ ያውቃል ወይ ያሰኛል። እርድ ብርሃን አይችልም። አፈር ግን ድሮም ፀሐይ ላይ የኖረ ነው፤ አይለቅም። እኔ ይህንን ከመጽሐፍ ባነበው ኖሮ በሳምንቱ እረሳው ነበር።

አሁን ስለ ዝናቡ። ድንኳንና መብራት ሊሰጠን ቃል የገባ አንድ ድርጅት ልንጀምር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ሐሳቡን ቀይሯል። ስሙን አልጠራም፤ የጻፍኩት የምስጋና ደብዳቤ ነው። እኛም "ጥቅምት አይደል፣ ምን ዝናብ አለ" ብለን ግቢው መሀል ካለው ትልቅ ዝግባ ሥር አምፖል አንጠልጥለን ጀመርን። በስፌቱ ምሽት ሰማዩ ሳይታሰብ ወረደ። እንኳን ዕቃ፣ ሰውም መግቢያ አልነበረውም። ያን ጊዜ ከአጥር ማዶ ያሉት ቤተሰብ በራቸውን ወለል አድርገው ከፈቱ። ሶፋቸውን ወደ ጓዳ ገፉ፤ ምንጣፋቸውን ጠቀለሉ፤ ያን ሁሉ ጭቃ የተሸከመ ጫማ ወደ ሳሎናቸው አስገቡ። ለማያውቁት ሰው ነው ይህን ያደረጉት። በማግስቱ ልናጸዳ ብንሄድ ቤቱ ታጥቦ ቡና ተፈልቶ ጠበቀን። እናንተን በምን ቃል እናመስግን? ውለታችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ እንጂ እኛ የምንከፍለው አይደለም።

የስፌት ባለሙያዋ እናታችን ግን ምንም አልመሰላቸውም። አክርማውም ሰንደዶውም ርሶ ነበር። "እኔ እቤት ስደርስ ውኃ ውስጥ ነው የምነክረው፤ ዛሬ ሰማዩ ነከረልኝ" ብለው ሳሎኑ መሀል ተቀመጡና ቀጠሉ። ደረቅ ሣር ሲታጠፍ ይሰበራል፤ የራሰው ነው የሚታዘዘው። በወስፌ ይወጋሉ፣ ሣሩን ያሾልካሉ፣ ይስባሉ። ከመሀል የተነሣችው የጥፍር ያህል ክብ በዝናቡ ሰዓት ሁሉ እየዞረች የሲኒ ማስቀመጫ እንኳ አልሆነችም። አንድ ወጣት "እማዬ፣ አንድ መሶብ ታዲያ በስንት ጊዜ ያልቃል?" ብሎ ጠየቃቸው። ቀና ብለው አዩትና "ከሌላ ሥራ ጋር ነው ወይስ ያለ ሌላ ሥራ?" አሉት። ሳሎኑ በሣቅ ተሞላ፤ እናቶች ግን ከሣቁ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰንደዶ ክረምቱ ሲወጣ ከየሜዳው የሚለቀም ነው። እርሳቸው በልጅነታቸው ይለቅሙበት የነበረው ሜዳ ዛሬ ቤት ስለሆነ ከገበያ ገዝተው ነው የሚሠሩት። ይህን የነገሩን ጠይቀናቸው እንጂ ምሬት ኖሯቸው አይደለም።

ከቀጨኔ የመጡትን የሸክላ ባለሙያዎች በተለየ ማመስገን ይገባናል። የሸክላው ማቃጠል በጭስ ምክንያት መሀል ከተማ የሚሞከር ስላልሆነ፣ እዚያው ሰፈራቸው ያቃጠሉትን ይዘው መጥተው ጭቃውን ማቡካትና ማነጽን አሳዩን። ጭቃው እሳት ሲነካው እንዳይሰነጠቅ የድሮ ገል ተወቅጦና ተነፍቶ ይጨመርበታል፤ የተሰበረው ጀበና ለአዲሱ ጀበና አጥንት ይሆነዋል ማለት ነው። ጭቃውን የሚያዞር መኪና የላቸውም። ጭቃው ተቀምጦ እነርሱ ናቸው የሚዞሩት፣ ጎንበስ እንዳሉ፣ እጃቸው ሳይነሣ። እየሠሩ ሳለ መብራት ሄደ። ሁላችንም ስልካችንን አበራን። ታላቂቱ እናት ግን መብራቱ መጥፋቱንም ያስተዋሉ አልመሰሉም፤ የማድጋውን አንገት በለስላሳ ጠጠር ማሸታቸውን ቀጠሉ። ኋላ ስንጠይቃቸው፣ ቤታቸው የሚሠሩት ጎሕ ሳይቀድ እንደሆነ ነገሩን።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በዚያ ምሽት ከተመልካቹ መሀል ስለ ሸክላ ሠሪዎች የቆየውን ክፉ ንግግር በቀልድ መልክ የወረወረ ሰው ነበር። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቀልዱ ግን ዛሬም አፍ ላይ አለ። ወዲያው ተነሥታችሁ "ይህንን እዚህ አትናገርም" ያላችሁት ሁለት ወጣቶች ተባረኩ። እኛ አዘጋጆቹ ልንለው የሚገባንን ቀድማችሁ አላችሁልን።

ስለ ወፎቹም ጥቂት ልበል። ማታ ማታ ከ12 ሰዓት በፊት እየጮኹ በላያችን የሚያልፉትን ረጅም መንቁር ያላቸውን ወፎች የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ጩኸታቸውን እንጂ መልካቸውን አስተውሎ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ወጣቱ ሠዓሊያችን በየምሽቱ እነርሱን ይጠብቅ ነበር። አልፈው እስኪጠፉ ቢበዛ አንድ ሉክ ወረቀት ላይ ሦስት አራት መስመር ነው የሚጭረው። አንገት፣ ክንፍ፣ የመንቁሩ ቅልብስ። ወፎቹ ከሄዱ በኋላ አንድም መስመር አይጨምርም። "ያላየሁትን ብጨምር የእኔ ወፍ ይሆናል እንጂ የእነርሱ አይሆንም" የሚል ሕግ አለው። ዝናቡ ካበላሸብን ነገር ሁሉ የሚቆጨኝ የእርሱ ወረቀቶች መራሳቸው ነው። እርሱ ግን በማግስቱ አዲስ ጥራዝ ይዞ እዚያው ቦታው ላይ ቆሞ አገኘነው።

ከባለሙያዎቹ ሌላ ያሉትን ባለውለታዎቻችንን ሁሉ ልዘርዝር ብል ደብዳቤው አያልቅም። ጄኔሬተሩን በግማሽ ዋጋ ያከራየኸን፣ ኋላም ግማሹን አልቀበልም ያልከው ወንድማችን፤ ነዳጁን ከራስህ እንደሞላህ ዘግይተን ነው የሰማነው። የጀበና ቡናዋ እህታችን፤ በጥቅምት አንድ አጥንት በሚባልበት ብርድ ማንደጃሽን ከራስሽ አርቀሽ ለአሮጊቶቹ ያስጠጋሽው አንቺ ነሽ። አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. ከመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመጣችሁ ተማሪዎች፤ ሠዓሊ ልትሆኑ ነው ብለን ስንጠብቅ ወንበር ተሸካሚ፣ ገመድ አሳሪ፣ ልጅ ጠባቂ ሆናችሁልናል። የሰፈሩ ፖሊስና ደንብ አስከባሪ ወንድሞቻችን፤ ጫጫታ ሰምታችሁ መጥታችሁ ቁጭ ብላችሁ አይታችሁ ሄዳችሁ። የግቢው ዘበኛ አባታችን ደግሞ ከሁላችንም በላይ ለፍተዋል፤ ሁላችሁም ገብታችሁ ስትወጡ እርሳቸው ግን ከበሩ አልተነሡም ነበርና፣ ባለሙያዎቹ በመጨረሻው ምሽት ሥራቸውን ይዘው ሄደው በር ላይ በድጋሚ ሠሩላቸው። ሲገባቸው ነው።

ቅሬታም ደርሶናል፤ እርሱንም ተቀብለናል። የመቀመጫው ማነስ፣ ከኋላ ለቆመ ሰው እጅ አለመታየቱ፣ የመጸዳጃው ሰልፍ እውነት ናቸው። በተለይ ከኋላ ለሚቀመጡ ባለሙያው ከፍ ብሎ የሚሠራበት መደብ እንዲሠራ አንድ አናጢ ወንድማችን ከወዲሁ ቃል ገብቶልናል። ሌላ ሐሳብ ያላችሁ ከዘበኛው ጋር ደብተር አስቀምጠናል፤ ጻፉልን።

በመጨረሻም የዕቃ ጉዳይ አለ። ወፍጮውና መጁ ለባለቤታቸው ተመልሰዋል። ስድስት የፕላስቲክ ወንበር፣ ሁለት ምንጣፍ፣ አንድ ጥቁር ጃንጥላና ሰማያዊ የልጅ ሹራብ ግን ባለቤታቸው አልታወቀም፤ ዘበኛው ቤት ናቸው፤ ከእሑድ በቀር በማንኛውም ቀን መጥታችሁ ውሰዱ። አፈር በባልዲ የወሰዳችሁ ልጆችም ባልዲውን መልሱ፤ ሠዓሊው እየጠየቀ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከምሽቶቹ አስተባባሪዎች አንዱ
አራዳ፣ አዲስ አበባ