እግረኛ ጦር ለምትገባው ልጄ

ውድ ልጄ፣

የአሜሪካ እግረኛ ጦር ማሠልጠኛ ፎርት ቤኒንግ እስክትገቢ የቀሩሽን ወራት በሩጫ ብቻ እንዳትጨርሻቸው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ሩጫ አንቺን አይከብድሽም፤ እኔን የሚያሰጋኝም እሱ ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንት ይጠነክራሉ፣ አጥንት ግን ወራት ይፈልጋል። አዲስ ጫና ሲመጣበት መጀመሪያ አሮጌውን አፍርሶ ነው በአዲስ የሚተካው፤ እስኪተካ ድረስ ይሳሳል። ትንፋሽ ስላላጠራት በየቀኑ የምትጨምር ምልምል ቅልጥሟ የሚሰነጠቀው ያን ጊዜ ነው። ይህ ጉዳት ደግሞ ከወንዶቹ ይልቅ በሴቶቹ ላይ ይበዛል። ስለዚህ በሳምንት 3 ቀን ይበቃሻል፦ አንድ ቀን ረዘም አድርገሽ በዝግታ፣ አንድ ቀን 400 ሜትር በፍጥነት 6 ጊዜ በመሃሉ እያረፍሽ፣ አንድ ቀን ደግሞ 2 ማይል በጦሩ የአካል ብቃት ፈተና ፍጥነት።

ፈተናው እ.ኤ.አ. ከጁን 2025 ጀምሮ አምስት ክፍል ነው፦ ዴድሊፍት (ከባድ ብረት ከመሬት ማንሳት)፣ ደረት መሬት ሲነካ እጅ ወደ ጎን የሚዘረጋበት ፑሽአፕ፣ የ250 ሜትር ምልልስ፣ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) እና 2 ማይል ሩጫ። ለእግረኛ ጦር በጠቅላላው 350 ነጥብ ያስፈልጋል፣ በእያንዳንዱም ከ60 ማነስ የለበትም፤ መለኪያው በጾታ አይለይም። በሩጫ የምታተርፊው ነጥብ ዴድሊፍት ላይ የጎደለውን አይሞላልሽም።

ዴድሊፍቱ ላይ ቆየት ልበል። ባለ ስድስት ማዕዘኑ ብረት ባዶውን 60 ፓውንድ ነው። በሳምንት 2 ቀን፣ አምስት አምስት ጊዜ እያነሳሽ 5 ዙር ሥሪ፤ በየሳምንቱ 5 ፓውንድ ጨምሪ። መሃሉ ቁሚ፣ እግርሽን በዳሌሽ ልክ ክፈቺ፣ እጀታውን መሃል ለመሃል ያዢ፤ ካለበለዚያ ብረቱ ያጋድላል። ሆድሽን ወጥረሽ መሬቱን በእግርሽ ግፊ። ጥፋቱ የሚጀምረው ዳሌ ከትከሻ ቀድሞ ሲነሳ ነው፤ ያኔ ሸክሙ ከጭን ወደ ወገብ ይዛወርና ጀርባ ይጎብጣል። ወንድምሽ ከጎን በስልክ ይቅረጽሽ፤ ዳሌሽ ሲቀድም ካየሽ ክብደት ቀንሺ።

ምልልሱ ውስጥ 90 ፓውንድ ወደ ኋላ እየሄዱ መጎተት አለ። ክንድሽ ይዘርጋ፣ ዳሌሽ ዝቅ ይበል፣ እርምጃሽ ይጠር። ቀጥ ብላ በክንዷ የምትጎትት ቀጥሎ በየእጇ የምትይዘው 40 ፓውንድ ያመልጣታል። አሮጌ ጎማ በገመድ አስረሽ ሣር ላይ ተለማመጂ።

የጀርባ ሻንጣውን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ተሸከሚ። በ15 ፓውንድና በ2 ማይል ጀምሪ፤ አንድ ሳምንት ክብደት፣ ሌላ ሳምንት ርቀት ጨምሪ፣ ሁለቱን አንድ ላይ በጭራሽ። ከባዱ ዕቃ በትከሻሽ አጥንቶች መሃል፣ ጀርባሽን ተጠግቶ ይሁን፤ ታች ከወረደ ወደ ኋላ ስለሚስብሽ ጎንበስ ብለሽ ትሄጃለሽ። በሻንጣ አትሩጪ፣ ፈጥነሽ ተራመጂ። የኋላ ኋላ የሚጠብቅሽ 35 ፓውንድ ተሸክሞ 12 ማይልን በ3 ሰዓት መጨረስ ነው፤ ማይሉን በ15 ደቂቃ ማለት ነው። ተረከዝሽ መሞቅ እንደጀመረ ቆመሽ ፕላስተር ለጥፊ፤ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ዘግይተሻል።

ቡናሽን ከምግብ አንድ ሰዓት አርቂው፣ የምስሩንና የጤፉን ብረት ሰውነትሽ እንዳይወስድ ያግዳልና። ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቂበት። በጾም ወቅት ልምምድ ካበዛሽ በልተሽ የማትጠግቢ ይመስልሻል፤ ሽሮውን፣ ባቄላውን፣ ለውዙን ጨምሪ እንጂ አትቀንሺ። የወር አበባሽ ከቀረ ምግብሽ ለድካምሽ አልበቃም ማለት ሊሆን ይችላልና ለሐኪም ንገሪ፤ አጥንትሽንም ይጎዳል።

ከልምምድ በኋላ ጡንቻ ቢዝልሽ አትደንግጪ፤ በ2 ወይም በ3 ቀን ይለቅሻል። በአንድ ጣት የምትጠቁሚው፣ በአንድ እግር ስትዘዪ የሚወጋ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ግን ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ብሽሽትሽ ላይ ከሆነ ያኑ ቀን ታከሚ፣ የታፋ አጥንት አንገት ስንጥቅ ሳይያዝ ከቆየ ጨርሶ ይሰበራል። ሥራ ሸሸች እንዳይሉኝ ብለሽ አትደብቂ።

እናትሽ