ናፍጣ ወይስ ቤንዚን፦ ቅንጡ ሴዳን ለሚገዛ ሰው መቅደም ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የመኪና ዓምዶች ቅንጡ ሴዳኖችን ሲያነጻጽሩ የፈረስ ጉልበቱን፣ የመቀመጫውን ቆዳና በ100 ኪሎ ሜትር የሚፈጀውን ነዳጅ ይዘረዝሩና «ናፍጣው ይቆጥባል፣ ቤንዚኑ ይፈጥናል» ብለው ይደመድማሉ። እኛ በሞተርና በነዳጅ መስመር ጥገና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። በዚህ አባባል ተመርተው ናፍጣ የገዙ ሰዎች ከነዳጅ ያተረፉትን ገንዘብ በእጥፍ ለጥገና ሲያወጡ ስለምናይ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደናል። ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። መኪናው አንዴ ከተነሳ በኋላ ሳይጠፋ ስንት ደቂቃ ይነዳል? የሚቀዳው ናፍጣስ ምን ያህል ሰልፈር አለው?

የናፍጣ ሞተር ቆጣቢነት ሐሰት አይደለም። አየሩን ከ15 እስከ 18 እጥፍ አምቆ ነዳጁን በዚያው ሙቀት ያቀጣጥላል፤ እንደ ቤንዚን ሞተር የአየር መግቢያውን እያነቀ ስለማይሠራም በቀላል ጭነት ሲነዳ ብክነቱ አነስተኛ ነው። ሆኖም የቁጠባው ከፊል የሚመጣው ከነዳጁ ከራሱ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋጁል ያህል ኃይል ሲይዝ አንድ ሊትር ቤንዚን የሚይዘው 32 ያህል ነው። በሊትር መወዳደር ናፍጣን ከሚገባው በላይ የሚያስመሰግነው በዚህ ምክንያት ነው። ገዢው ማስላት ያለበት በገንዘብ ነው፤ ስሌቱም አይከብድም። ናፍጣው በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር፣ ቤንዚኑ 9.5 ሊትር ይፈጃሉ እንበል። በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ 250 ሊትር ብቻ ነው፤ 35,000 ለሚነዳ ግን 875 ሊትር ይደርሳል። የሁለቱን ነዳጆች ዋጋ አስገብታችሁ በኪሎ ሜትር የሚተርፈውን ገንዘብ አውጡና የናፍጣውን መኪና ተጨማሪ መግዣ ዋጋ ለዚያ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር መኪናውን ይዛችሁ ልትነዱ ካሰባችሁት ኪሎ ሜትር ከበለጠ ናፍጣው አላዋጣም። ስሌቱ ገና የጥገናን ወጪ አለማካተቱንም አትርሱ።

በአነዳድ በኩል ናፍጣ ለከባድ ሴዳን የሚስማማ ባሕርይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የቢኤምደብሊው 5 ሲሪየስ ትውልድ ውስጥ 530ዲ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሲሆን 265 የፈረስ ጉልበትና 620 ኒውተን ሜትር የመጎተት ኃይል ነበረው፤ ባለ አራት ሲሊንደሩ ቤንዚን 530አይ ደግሞ 252 የፈረስ ጉልበትና 350 ኒውተን ሜትር። ጉልበታቸው ተቀራራቢ ሆኖ የመጎተት ኃይላቸው ይህን ያህል ይራራቃል። ሙሉ ሰውና ሻንጣ ተጭኖ ረጅም ዳገት ሲወጣ ናፍጣው ማርሽ ሳይቀንስ በደቂቃ 2,000 ዙር ዝም ብሎ ይጎትታል። ይህ ምቾት እውነተኛ ነው፤ ከነዳጅ ቁጠባው ይልቅ ናፍጣን የሚያስመርጠው ይኸው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩ የሚጀምረው ከጭስ ማውጫው ነው። ከኋላ ያለችውን ማርሚታ ማለታችን አይደለም፤ ለሞተሩ ቀረብ ብሎ የተቀመጠውን የጥላሸት ማጣሪያ፣ ዲፒኤፍ የሚባለውን ነው። ማጣሪያው ጥላሸቱን እያጠራቀመ ሲሞላ ያቃጥለዋል። ለማቃጠል 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ያስፈልገዋል፤ የናፍጣ ጭስ ደግሞ በከተማ አነዳድ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ቢደርስ ነው። ስለዚህ የሞተሩ ኮምፒውተር ዋናው ርጭት ካለፈ በኋላ ትንሽ ናፍጣ ዘግይቶ ያስረጫል፤ ያ ነዳጅ ከማጣሪያው ፊት ባለው ጭስ ማጽጃ፣ በካታሊስቱ ላይ ተቃጥሎ ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል። ሥራው ሳይቋረጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ሾፌሩ በአምስተኛው ደቂቃ ደርሶ ሞተሩን ካጠፋው ጥላሸቱ እንዳለ ይቀራል፣ ነዳጁም ባክኗል፤ በሚቀጥለው ጉዞ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የባሰው ጉዳት የሚደርሰው በዘይቱ ላይ ነው። ዘግይቶ በሚረጨው ጊዜ ፒስተኑ ወደ ታች ወርዷል፤ ናፍጣው የሲሊንደሩን ግድግዳ ያርሰውና ፒስተኑን በከበቡት ቀለበቶች (ፋሻዎች) አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ቤንዚን ቢሆን ዘይቱ ሲሞቅ አብዛኛው ይተን ነበር፤ ናፍጣ ግን እዚያው ይቀራል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዛችሁ ስታዩ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በላይ ከወጣ፣ በጣት ሲታሽ ቀጥኖ ከተንሸራተተና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ሞተሩ «ዘይት የማይጎድለው ጤነኛ» አይደለም። የቀጠነው ዘይት ኩሽኔታዎችንና የቱርቦውን ዘንግ ይበላል። መጠኑ እጅግ ከበዛ ደግሞ ሞተሩ በመተንፈሻው በኩል የራሱን ዘይት ስቦ ማቃጠል ይጀምራል፤ ያኔ ቁልፉ ቢጠፋም ሞተሩ ላይጠፋ ይችላል።

የማጣሪያው ጽዳት መጀመሩን ማወቅ ይቻላል። ሚኒሞው (ሞተሩ ጋዝ ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት) ከወትሮው ከፍ ይላል፣ የቅጽበት ፍጆታው ይጨምራል፣ መኪናው ቆሞም የራዲያተሩ ማራገቢያ ይጮኻል። ይህን ያየ ሾፌር ሞተሩን አያጥፋ፤ በተስተካከለ ፍጥነት፣ ዙሩን ከ2,000 በላይ አድርጎ ሩብ ሰዓት ያህል ይንዳው። የነዳጅ ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ ከሆነ በብዙ መኪኖች ጽዳቱ ጭራሽ አይጀምርም። ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ተበላሽቶ የሞተሩ ውሃ በሚገባ ካልሞቀም አይጀምርም። በጣም ርካሽ በሆነ ቴርሞስታት ምክንያት በጣም ውድ የሆነው ማጣሪያ ሲጣል ማየት ያሳዝናል።

ወደ ሰልፈሩ እንምጣ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነውና። የአውሮፓ መስፈርት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለናፍጣ የሚፈቅደው በአንድ ኪሎ ግራም 10 ሚሊግራም ሰልፈር ብቻ ነው፤ የዛሬዎቹ ቅንጡ ናፍጣዎች የተሠሩትም ለዚያ ነዳጅ ነው። ሰልፈሩ ሲበዛ በካታሊስቱ ላይ ሰልፌት እየሆነ የማጽዳት አቅሙን ያዳክማል፤ ከፊሉን ጭስ ወደ ሞተሩ በሚመልሰው የኢጂአር መስመር ማቀዝቀዣ ውስጥ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ደግሞ አሲድ ይሆናል። ከዚህ ሌላ መውጫ የሌለው ግጭት አለ። ማጣሪያው ከተቃጠለ ዘይት የሚቀረውን አመድ አቃጥሎ ማስወገድ ስለማይችል፣ እንደ መርሴዲስ 229.51 ወይም ቢኤምደብሊው ሎንግላይፍ 04 ያለ አመዱ ያነሰ ዘይት ይፈልጋል። ሰልፈር የበዛበት ናፍጣ ደግሞ አሲድ የሚያከሽፍ ቅመም በብዛት ያለበት ዘይት ይጠይቃል፤ አመድ የሚሆነውም ያው ቅመም ነው። አንዱን ስታስደስቱ ሌላውን ትጎዳላችሁ። ዘይቱን ከታዘዘው ኪሎ ሜትር በግማሹ መለወጥ ያስታግሳል እንጂ አይፈታውም። ስለዚህ 10 ሚሊግራሙን ናፍጣ አዘውትሮ የማያገኝ ሰው ማጣሪያ ያለው አዲስ ናፍጣ ሴዳን ባይገዛ እንመክራለን። በዚህ አቋማችን ጥርጥር የለንም።

«ማጣሪያውን አውጥቶ መጣል» የሚባለውን መፍትሔ አንቀበልም። በብዙ አገሮች ሕግ መጣስ ነው፤ ከሕጉም በላይ ጉዳዩ የሳንባ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ባለመኪናው የጠላውን የጥገና ወጪ እግረኛው በሳንባው እንዲከፍል ማድረግ ነውር ነው።

የነዳጅ ርጭቱም ጥንቃቄ ይሻል። ኮመን ሬይል፣ ማለትም ለሁሉም ሲሊንደሮች በአንድ የጋራ ቱቦ (ሬይል) ነዳጅ የሚያደርሰው ዘዴ፣ በአዳዲሶቹ ሞተሮች ናፍጣውን 2,000 ባርና ከዚያ በላይ በሚደርስ ግፊት ይገፋል፤ ፓምፑንና ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች የሚያለሰልሰውም ናፍጣው ራሱ ነው። ውሃ ወይም ቤንዚን ሲገባ ልስላሴው ይጠፋል፣ ብረቱ ይፋቃል፣ ብናኙ በመስመሩ ሁሉ ይሠራጫል፤ ከዚያ በኋላ ፓምፕ፣ ሬይል፣ ኢንጀክተሮችና ታንኩን አንድ ላይ መፈተሽ ግድ ይሆናል። በስህተት ቤንዚን የተቀዳለት ናፍጣ መኪና ቁልፉ እንኳ መከፈት የለበትም፤ በብዙዎቹ የታንኩ ፓምፕ ቁልፍ ሲከፈት ወዲያው ይገፋልና። እዚያው ቆሞ ታንኩ ይራገፍ። አድብሉ የተባለውን የጭስ ማጽጃ ፈሳሽ የሚጠቀም መኪናም ፈሳሹ ካለቀ አንዴ ከጠፋ በኋላ አይነሳም፤ ርቀት የሚያሳየው ማስጠንቀቂያ እንደመጣ መሙላት ይበጃል።

ቤንዚንም ነጻ አይደለም። በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩት አዳዲሶቹ ሞተሮች የመግቢያ ቫልቮቻቸውን በነዳጅ ስለማያጥቡ ከዘይት ጭጋግ የሚመጣ ካርቦን ይጋገርባቸዋል፤ ሲበዛ በማለዳ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ይቀንሳል። ነዳጅ ላይ የሚጨመር ማጽጃ እዚያ ስለማይደርስ የአየር ማስገቢያ ቱቦው (ማኒፎልዱ) ተፈትቶ በተፈጨ የዋልነት ፍሬ ቅርፊት እየተነፋ ይጸዳል። ባለ ቱርቦዎቹ በዝቅተኛ ዙር በሙሉ ጋዝ ሲጨነቁ ያለጊዜው የሚፈነዳ ቃጠሎ ፒስተን ሊሰብር ይችላል፤ ኤፒአይ ኤስፒ የተባለው የዘይት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ይህንንም ለመከላከል ነው። ካንዴላና ኮይል በጊዜው ከተለወጠ ግን አጭር ጉዞን የሚታገሠው ቤንዚን ነው። ቀኑን ሙሉ በመጨናነቅ ውስጥ ለሚውል ሰው ደግሞ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ የቤንዚን መኪና (ሃይብሪድ) ከሁለቱም ይሻላል።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ናፍጣውን ያደረ፣ ያልሞቀ ሞተር ይዞ ይመርምር፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ በሌላ ቀን ይመለስ። በኮምፒውተር የማጣሪያው የአመድ መጠን፣ ከፊትና ከኋላው ያለው የግፊት ልዩነት፣ መጨረሻ የጸዳበት ርቀትና የየኢንጀክተሩ የርጭት ማስተካከያ ይነበብ። ጽዳቱ በየ100 ኪሎ ሜትሩ ከተደጋገመ አንድ ነገር ተበላሽቷል። በመርሴዲሱ ኦኤም 642 ሞተር በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል የሚገኘው የዘይት ማቀዝቀዣ ማሸጊያ ያፈስሳል፤ ዕቃው ርካሽ ቢሆንም ለመድረስ ቱርቦውንና ማኒፎልዱን ማውረድ ይጠይቃል። በቢኤምደብሊው ኤን 47 ናፍጣ ካቴናው ከሞተሩ በስተኋላ በካምቢዮ በኩል ስለሆነ ከዚያ የሚሰማ መፋቅ ቀላል ነገር አይደለም። በቤንዚን በኩል የቀደሙት የመርሴዲስ ኤም 272 ሞተሮች የባላንስ ዘንግ ጥርሳቸው ይበላል፤ የሞተር ቁጥሩን ሳያጣሩ መግዛት አይገባም።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለን ጥያቄ ይህ ነው። ስለ መኪና በምታትሙት ጽሑፍ ሁሉ ከፈረስ ጉልበቱ ጎን አምራቹ የሚፈቅደውን የናፍጣ ሰልፈር መጠን፣ የሚያዝዘውን የዘይት ደረጃ፣ ዲፒኤፍና አድብሉ መኖር አለመኖሩን አብራችሁ አስፍሩልን። አራቱም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሞተርና የነዳጅ መስመር ጥገና ባለሙያዎች